ማበጠሪያ የሌለው ዓይነርግብ

ጥቅምት 20

እቴቴ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ያልመለስኩልሽ እጄ ሙጫ ስለሆነ ነው ብልሽ ታምኚኝ ይሆን? በማተሚያ ቤቱ ጥራዝ ክፍል የተማሪ መጻሕፍት እስከ ጣሪያ ተከምረውብናል። ቤት ስገባ ጣቶቼ እርስ በርስ እየተጣበቁ እስክሪብቶ መያዝ ያቅተኛል። ይህ እውነት ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። የዘገየሁት ለጥያቄሽ መልስ ስላጣሁ ነው።

እናትሽ እንዴት ናት ብለሻል። እማዬ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ የደረጃውን አምፖል ማን እንደሰበረ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረች ትመረምራለች። ያንቺን ነገር ግን አሁንም አታነሳም። ስምሽን ስጠራ የሚከደን ድስት ትዝ ይላትና ብድግ ብላ ወጥ ቤት ትገባለች። ሁለት እህትማማቾች እንዲህ ሆናችሁ ስትቀሩ ምክንያቱን የሚነግረኝ ሰው የለም፤ እኔም መጠየቅ ትቼ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የእህቴ የእታለም ዓይነርግብ ከቁም ሣጥኑ ላይ ወረደ።

እታለም ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ዓይነርግቡ የተቀመጠበት ካርቶን ካለበት ንቅንቅ ብሎ አያውቅም፤ አቧራውን የምትጠርገው እማዬ ራሷ ናት። የእኔ ሠርግ ቀን በተቆረጠ ማግስት ከሥራ ስገባ ዓይነርግቡን በለብታ ውሃ አጥባ መስኮቱ ላይ ዘርግታው አገኘሁ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ «ትልቋ ሳትለብሰው ቀረች፤ አንቺ ትለብሽዋለሽ» አለችኝ። እየጠየቀችኝ አልነበረም።

እኔ ዓይነርግብ አልጠላም። ልጅ ሆኜ የመስኮት መጋረጃ ራሴ ላይ አድርጌ ስዞር አንቺው ነሽ የምትስቂብኝ የነበርሽ። ይሄኛውን ግን ፈራሁት። ሠርጉ የእኔ ይሁን የእሷ መለየት አቃተኝ። ባለፈው ሳምንት እማዬ ከወጥ ቤት «ትልቋ፣ በሩን ክፈቺ» ብላ ጠራችኝ። ምን እንዳለች አልታወቃትም። እኔም ሄጄ በሩን ከፈትኩ።

ለማንኛውም ብዬ ሞከርኩት። ከራሴ ላይ ይንሸራተታል። አንቺ የሰፋሽው ነገር እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም። የጓደኞቼ ሁሉ ዓይነርግብ ፀጉር ውስጥ የሚሰካ ትንሽ ማበጠሪያ አለው፤ ይሄኛው የለውም። ረስተሽው ነው? ወይስ ልላክልሽና ታስተካክይልኛለሽ?

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ልልበሰው ወይስ ልተወው? ብለብሰው ከእማዬ ጎን የሚቆመው ሰው እኔ አልሆን ይሆናል። ባልለብሰው ደግሞ እማዬ ሁለተኛ ልጅ የቀበረች ያህል እንዳይሰማት እፈራለሁ።

መልስሽን እንደተለመደው በማተሚያ ቤቱ አድራሻ ላኪልኝ። የቤቱ ስልክ እማዬ አልጋ አጠገብ ስለሆነ መደወል አልችልም። «አንቱ» ማለቴን እንደተውኩም ልብ በይልኝ፤ አሮጊት አደረግሽኝ ብለሽ ከተቆጣሽኝ ወዲህ አፌ ፈርቷል።

ሚጢ


ኅዳር 5

ሚጢዬ፣

ሙጫሽን ታጥበሽ ስለጻፍሽልኝ ተመስገን። በቀደሙት ደብዳቤዎችሽ ስለ ጤናዬ ደጋግመሽ ለጠየቅሽኝ፣ ምንም አልሆንኩም። ሥራ ነው የበዛብኝ። የደንብ ልብስ ታዝዤ ቀና ማለት አልቻልኩም፤ እጅ ጽሑፌ ከመስመር ከወጣብሽ በችኮላ የተጻፈ ነውና እለፊኝ።

እጮኛሽ መነጽር ሠሪ መሆኑን በፊተኛው ደብዳቤሽ ያነበብኩ ቀን ብቻዬን ሳቅኩ። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አጥርቶ የሚያይ ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ ቢያንስ አንድ ሊገባልን ነው። ዝምተኛ ነው ብለሽ የጻፍሽውን አልተቀበልኩትም። አንቺ የምታወሪ ከሆነ እሱ መቼ ተራ ደርሶት ነው የሚናገረው?

ስለ ማበጠሪያው ላልሽው፣ አልረሳሁም። እኔ የሰፋሁትን አልረሳም። ማበጠሪያ በየሱቁ ሞልቷል፤ አንድ ገዝተሽ ሦስት አራት ቦታ በእጅሽ ያዝ ያዝ አድርጊው። ገበሩን ግን አትንኪው። ወደ እኔም እንዳትልኪው፤ አሁን የማየው ጊዜ የለኝም።

ልልበስ ወይስ ልተው ላልሽው ምን ልበልሽ? ሙሽራዋ አንቺ ነሽ። በዚህ እጄ ያለበስኳቸውን ሙሽሮች ብዛት አላውቀውም፤ ረጅሙን፣ አጭሩን፣ ጥልፍ የበዛበትን፣ ያለ ጥልፍ የሆነውን ይላሉ እንጂ ጭራሽ ብተወውስ የሚል ጥያቄ አያነሱም። አንዷ ብቻ አንስታዋለች። የእሷን ነገር ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

እናትሽን ግን አትጨቃጨቂያት። ትልቋ ብላ ከጠራችሽም እንደከፈትሽው በሩን ክፈቺላት። ደግ አድርገሻል።

ሠርጉ ላይ ትገኛለሽ ወይ ብለሽ ቀደም ሲል ለጻፍሽልኝ፣ ያ ወር ለልብስ ሰፊ መተንፈሻ የሚታጣበት ወር ነው። ወንበር አትያዢልኝ።

አክስትሽ


ኅዳር 18

እቴቴ፣

ገበሩን አትንኪው ብለሽኝ ነበር፤ ነካሁት። ይቅርታ ብዬሽ ልቀጥል።

ማበጠሪያውን ገዝቼ ልሰፋው ስል መርፌው የሚይዝበት ቦታ አጣ። ጫፉን ፈታ አድርጌ ሳይ ከስር ያለው ሌላ ነገር ነው። ሙሉ ቆብ ነው፤ ራስን እስከ ጆሮ ድረስ የሚሸፍን፣ ከለስላሳ ጥጥ የተሠራ። ግንባር ላይ ደግሞ ስሱ ጨርቅ በሁለት ታጥፏል። እኔ ሙያው የለኝም፤ የእኔ ስፌት መጽሐፍ ላይ ነው። ግን አንቺ ለቁንጅና ብለሽ እንዲህ አታደርጊም ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ከማተሚያ ቤቱ ፊት ለፊት ያለችው የሙሽራ ልብስ አከራይ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ሴትየዋ ቆቡን ገልብጣ አየችው። ስፌቱን በጣቷ ተከተለችው። «እንዴት ያለ እጅ ነው» አለች፤ ሥራሽን አድንቃልሻለች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ይህ ፀጉር ለሌላት ሴት የተሠራ ነው፣ እህቴ» አለችኝ። የእኔን ፀጉር አየችና አዘነች፤ ምን እንዳሳዘናት ግን እሷም አላወቀችም።

ቤት ገብቼ እማዬን ጠየቅኳት። «እታለም ፀጉሯን ምን ሆና ነበር?» አልኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች፣ እጇን ታጠበች፣ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ሽንኩርቱን እኔ ጨረስኩት።

የእታለም ፀጉር እስከ ወገቧ ይደርስ ነበር፣ እቴቴ። ለመጨረሻ ጊዜ ሳያት፣ ለፈተናዬ ወደ አጎቴ ቤት ስሄድ፣ አውቶቡሱ መስኮት ስር ቆማ ነፋስ አፏ ውስጥ እያስገባባት ስትስቅ ነው የተለየኋት። ከዚያ በኋላ ያየሁት በቀብሯ ቀን የተሸፈነ ሣጥን ነው።

ይህን ለመነጽር ሠሪው ነገርኩት። ዓይነርግቡን ልልበስ ወይስ ልተው ብዬ ጠይቄው የመለሰልኝን እንዳለ ልጻፍልሽ። «ፊትሽን ማየት እፈልጋለሁ፤ ግን እኔ ከዚያን ቀን በኋላ ዕድሜ ልኬን ነው የማየው። እናትሽ ምን ማየት እንደፈለገች መጀመሪያ እወቂ» አለኝ። ሌላም ነገር አለ። የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አየውና «አክስትሽ የምትጽፈው በችኮላ አይደለም፤ መስመሩ ስለማይታያት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው?

ጭራሽ ብተወውስ ብላ የጠየቀችሽ ሙሽራ እታለም ናት አይደል? አሁን ሌላ ጊዜ አትበይኝ።

ሚጢ


ታኅሣሥ 1

ሚጢዬ፣

ደብዳቤሽን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ብዙ ተቀመጥኩ። ከእንግዲህ ብዋሽሽ ነውር ነው።

ልብስ አከራይዋ ልክ ናት። ጭራሽ ብተወውስ ያለችውም ትልቋ ናት።

አንቺ አጎትሽ ቤት ሳለሽ «እታለም ትንሽ ደክሟታል» ተብሎ የተጻፈልሽ በራሷ ትእዛዝ ነው። «ሚጢ ፈተናዋን ትጨርስ» ብላ ሁላችንንም አስምላናለች። ሕመሙ ክፉ ነበር፤ መድኃኒቱ ደግሞ ያንን ፀጉር ሙልጭ አድርጎ ወሰደው። ሐኪሙ ግን ሠርጉን አትሰርዙ ብሎን ነበርና ተስፋ አደረግን፣ እኔም ጨርቅ ገዛሁ። ማበጠሪያ የሚይዝበት ፀጉር ስለሌለ በራሷ ልክ ቆብ ሰፋሁላት። ቆዳዋ ቆስሎ ስለነበር እንዳይከረክራት ስፌቱን ሁሉ ወደ ውጭ አወጣሁት። ግንባሩ ላይ ጨርቁን በሁለት ያጠፍኩት እናትሽ «ከሩቅ እንዳይታወቅባት» ስላለችኝ ነው።

ትልቋ መጀመሪያ ላይ እሺ ብላ ነበር። ሐሳቧን የለወጠችው የምታስተምራቸውን ሕፃናት ልታይ መዋዕለ ሕፃናቱ የሄደች ቀን ነው። ሲያቅፏት ሻርፗ ወለቀ። አንዷ ልጅ ትኩር ብላ አየቻትና «ፀጉርሽን የት አስቀመጥሽው?» አለቻት። ትልቋም «ቤት ረስቼው መጣሁ» አለቻት። ልጅቷ «እሺ፣ ነገ ይዘሽው ነይ» ብላ መጫወቷን ቀጠለች። ትልቋ ቤት ገብታ ይህን ስትነግረን እያሳቃት ጨርሳ መናገር አቅቷት ነበር። ከታመመች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም።

በማግስቱ ልኬት ልወስድላት ሄድኩ። እናትሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ትልቋ በመስታወቱ ውስጥ አየቻትና «እማዬ፣ እንዲሁ ብሄድስ?» አለቻት።

«እንዲሁ ማለት?»

«እንዳለሁ። ምንም ሳላደርግ።»

«ሰው ምን ይላል?» አለች እናትሽ።

እኔ «ልጅቷ የፈለገችውን ታድርግ» አልኩ። ዛሬም ቢሆን ያንኑ እላለሁ። እናትሽ ግን እኔ የመከርኳት መሰላት። ያን ቀን የተባለውን ሁሉ አልጽፍልሽም፤ ድምፃችን ደረጃው ድረስ ተሰምቷል።

እናትሽ በክፋት አይደለም፣ ሚጢዬ። ሰው ልጇን አይቶ ከንፈር ሲመጥባት ማሰብ ከሕመሙ በላይ ይከብዳት ነበር። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር አልተነጋገሩም። ትመግባታለች፣ ትደግፋታለች፣ ልብሷን ትቀይርላታለች፤ ስለ ዓይነርግቡ ግን ሁለቱም ዝም። እናትሽ ልትታረቃት ቀን ስትመርጥ ትልቋ ሞተች።

ከቀብር ስንመለስ «ከልጄ ያጣላሽኝ አንቺ ነሽ። ዐይንሽን ማየት አልፈልግም» አለችኝ። እኔም አላሳየኋትም። የጻፍኩላት ሁሉ ሳይከፈት ተመለሰ።

ስለዚህ እንደ እኔ ከሆነ እናትሽ አንቺን ትልቋን ልታስመስልሽ አይደለም። ያ ዓይነርግብ አንድ ቀን በሙሽራ ራስ ላይ አምሮ ቢታይ፣ ያን ጊዜ የተናገረችው ክፉ ነገር እንዳልነበረ ይቆጠርላታል። የምትፈልገው ይህንን ይመስለኛል። ልበሺ ወይም አትልበሺ አልልሽም። አንድ ጊዜ ብናገር ስድስት ዓመት እህቴን አጥቻለሁ።

መነጽር ሠሪውም ልክ ነው። ሥራ አልበዛብኝም፤ ሥራ የለኝም። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ካቃተኝ ወዲህ ስፌት መኪናዬን አንሶላ አልብሼዋለሁ። ላስጨንቅሽ ስላልፈለግኩ ነበር። የወንበሩም ነገር ይኸው ነው። በዘመዶቻችን ሠርግ ሁሉ የእጄን ሥራ ይዤ ነው የገባሁት፤ አሁን ምን ይዤ ልምጣ? ባዶ እጄን፣ ያውም በተዘጋብኝ በር?

አክስትሽ


ታኅሣሥ 11

እቴቴ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይልኝ። ተናድጃለሁ።

ሁላችሁም ታውቁ ነበር። አንቺ፣ እማዬ፣ አጎቴም ጭምር። አጎቴ እያወቀ ነበር ማታ ማታ የሒሳብ ጥያቄ የሚያሠራኝ። ፈተናዬን ጨረስኩ፤ አለፍኩም። እህቴን ግን አላየኋትም። ፀጉሯን ቤት ረስታ ስትስቅ አላየኋትም። እሷ ናት ያስማለችን ማለትሽ እውነት ነው፣ አምንሻለሁ፤ ግን በእሷ መናደድ ስለማልችል በእናንተ ተናድጃለሁ።

በዚያው ንዴት እማዬ ፊት ቆሜ አልለብሰውም አልኳት። ሁሉንም እንደማውቅም ነገርኳት። ቀስ ብዬ ልነግራት አስቤ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ለእሷ የከለከልሽውን ለእኔ በግድ ልትሰጪኝ ነው?» አልኳት። አባባሉ እንኳ ትክክል አይደለም፤ የከለከለቻት መተውን እንጂ መልበስን አልነበረም። ብቻ አልኩት። እማዬ «እንደ እህትሽ ነሽ» አለችና ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን የሚወራው ስለ ውሃና ስለ መብራት ነው። የመጥሪያ ካርዶቹን ከሥራ በኋላ ራሴ ቆርጬ፣ ራሴ አጥፌ፣ በክር አስሬ ሰጥቻት ነበር፤ የዘመዶቹን እሷ ልታዳርስ ተስማምተን ነው። ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አለ። ክሩ አልተፈታም። እናቴ ካርዱን ካላደለች፣ እናቴ ካልመጣች፣ ምን ሠርግ ነው? ቀኑን ልናዘገየው ትናንት ተነጋገርን። መነጽር ሠሪው ምንም አልከፋውም፤ እኔ ግን ከፍቶኛል። ልለብሰው ተነስቼ ነበር ዛሬ ጠዋት። ካርቶኑን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ለሰላም ብዬ ብለብሰው የእማዬ ሆድ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሻለሁ፤ እሱን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። እታለም እማዬን ተቀይማ ነው የሞተችው? እማዬን የሚበላት ይህ ይመስለኛል። መልሱ አዎ ከሆነ አትጻፊልኝ።

ሐኪም የሰጠሽ የመነጽር ቁጥር ካለ ላኪ ተብለሻል። ይህ የእሱ መልእክት ነው፤ እኔ ገና ተናድጃለሁ።

ሚጢ


ታኅሣሥ 20

ሚጢዬ፣

ይኸው ጻፍኩልሽ። አልተቀየመችም።

በመጨረሻዋ ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። እናትሽ መድኃኒት ልታመጣ ወጥታ ነበር፤ እኔም እሷ አለመኖሯን አይቼ ነው የገባሁት። ቆቡን አስሞከርኳት። ልክክ አለላት። በመስታወቱ ግራ ቀኝ ዞራ አየችውና «እቴቴ፣ እንዴት ያምራል። ግን አልለብሰውም» አለችኝ። እናትሽስ አልኳት።

«ነገ እንደገና እጠይቃታለሁ» አለችኝ። «እማዬ መጀመሪያ ሲጠይቋት እምቢ ነው የምትለው። ሁለተኛ ሲጠይቋት ነው እሺ የምትል። ጫማም ስገዛ፣ ሥራም ስገባ እንዲህ ነበር። ነገ እሺ ትለኛለች፤ አውቃታለሁ።»

ይህን ብላ ቆቡን አውልቃ ሰጠችኝ፣ ትንሽ ልተኛ አለች፤ እኔም ካርቶኑ ውስጥ መልሼ ከአልጋዋ አጠገብ ተውኩት። ነገ አልደረሰላትም።

ይህን ቃል ለእናትሽ ማድረስ የእኔ ፈንታ ነበር። በየደብዳቤው ጻፍኩት፤ ደብዳቤው ሁሉ ተመለሰ። ሰው ልልክባት አልፈለግኩም፤ የልጅ የመጨረሻ ቃል በሰው አፍ የሚላክ አልመሰለኝም። አሁን ግን አንቺ እዚያው ቤት ውስጥ ነሽ። ንገሪያት። አሳምረሽ አትንገሪያት፣ እንዳለ ንገሪያት።

እናትሽን እኔም ከልጅነታችን ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ትልቋ ያለችው እውነት ነው። የመጀመሪያው እምቢታዋ ፍርሃት ነው። አንቺ ስንት ጊዜ ጠየቅሻት? እንደገባኝ አልጠየቅሻትም፤ አልለብስም ብለሽ ነገርሻት እንጂ። ጠይቂያት። እምቢ ካለችሽ ደግሞ ጠይቂያት።

ቁጥሩን ከወረቀቱ ላይ ጎረቤቴ ገልብጣልኛለች። ለሰውዬው እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ። ንዴትሽን ግን ተቀብያለሁ፤ የምትናደጂበት ሰው ስላለሽ ደስ ይበልሽ።

አክስትሽ


ጥር 2

እቴቴ፣

ዛሬ ሰላምታዬን ሁለት አድርገሽ ቁጠሪው፤ ያለፈው ዕዳ ነው።

ደብዳቤሽን በማሽኖቹ መሃል ቆሜ አነበብኩት። የወረቀት መቁረጫው ላይ የሚሠራው ባልደረባዬ ፊቴን አይቶ ማሽኑን አጠፋልኝ። ፈቃድ ጠይቄ ወደ ቤት ሄድኩ።

እማዬ የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር። ከፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና ነገርኳት፤ አላሳመርኩትም። ቆቡን እንደሞከረች፣ ያምራል እንዳለች፣ አልለብሰውም እንዳለች። እማዬ ማጠፏን አላቋረጠችም። «ነገ እንደገና እጠይቃታለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ የያዘችውን ፎጣ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«እንደዚያ አለች?» አለችኝ።

«ሁለተኛ ሲጠይቋት እሺ ትላለች አለች። አውቃታለሁ አለች።»

እማዬ አለቀሰች፣ እቴቴ። በቀብሩም እንዲያ ስታለቅስ አላየሁም። ፎጣውን አፏ ላይ ይዛ «እሺ እላት ነበር» አለች። ደጋግማ አለችው። «እሺ እላት ነበር፤ ቆይታ ብትጠይቀኝ እሺ እላት ነበር።» እኔም አለቀስኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እታለም አብረን አለቀስን፤ እስከዛሬ እሷ በክፍሏ እኔ በክፍሌ ነበር።

ቆይታ ፊቷን ጠረገችና «አምጪው» አለችኝ። ዓይነርግቡን አመጣሁ። ቆማ ራሷ አለበሰችኝ። እንዳይንሸራተት ግራና ቀኙን በሁለት እጇ ያዘችው። በስሱ ጨርቅ ውስጥ ብዙ አየችኝ፤ እኔም ፊቷ እንዴት እንዳረጀ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ምን እንደምታይ አላውቅም። ምናልባት ማየት የፈለገችውን አይታ ይሆናል።

ያን ጊዜ ጠየቅኳት። ቃሉን አልመረጥኩትም፤ በደብዳቤሽ ያነበብኩት ነው የመጣልኝ።

«እማዬ፣ እንዲሁ ብሄድስ?» አልኳት።

እምቢ ልትል መስሎኝ ሁለተኛውን ጥያቄ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ዓይነርግቡን ቀስ አድርጋ ከራሴ ላይ አነሳችው፣ ፀጉሬን በመዳፏ ወደ ኋላ ደልደል አደረገችው።

«ሂጂ» አለችኝ። «እንዲሁ ሂጂ፣ ልጄ።»

ለማናችን እንዳለች አልጠየቅኳትም። ለእኔም ሆነ ለእሷ፣ ተብሏል።

ዓይነርግቡን ወደ ቁም ሣጥኑ አልመለሰችውም። አጥፋ የእታለም ፎቶ ያለበት መሳቢያ ውስጥ አስገባችው፤ በማግስቱም የካርዶቹን ክር በጥርሷ በጥሳ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ስትመለስ እግሯ አብጦ ነበር። ቀኑ ስለዚህ አይዘገይም። ሠርጉ በተቆረጠለት ቀን ነው፣ በፀጉሬ ነው የምሄደው፣ እማዬ ከጎኔ ናት።

መነጽርሽ ደርሷል። መነጽር ሠሪው ራሱ ቆርጦ ሞርዶታል፤ ማቀፊያውን ደግሞ እኔ መረጥኩልሽ። በፖስታ ላክላት አልኩት፤ እምቢ አለኝ። መነጽር ፊት ላይ ተደርጎ ካልተስተካከለ አይሆንም፣ ራሷ ትምጣ አለ። ሙያው እንደዚያ ይሁን ተንኮሉ እኔ አላውቅም።

ከዚህ ጋር ያለውን ታጣፊ ወረቀት የጻፈችው እማዬ ናት። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከምሳ እስከ እራት ቆየችበት። እንዳነበው አልፈቀደችልኝም፤ ይህን ስጨርስ ፖስታውንም ራሷ ልታሽገው ቆማ እየጠበቀችኝ ነው።

ያንቺው ሚጢ


እህቴ፣

ከየት እንደምጀምር ስላላወቅኩ ከመሃል እጀምራለሁ። ትልቋ ያለችውን ሚጢ ነገረችኝ። ያንን ቃል ይዘሽ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻሽን ተቀመጥሽ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። የመለስኳቸውን ደብዳቤዎች ካልጣልሻቸው ይዘሻቸው ነይ፤ ላነባቸው እፈልጋለሁ።

ሰው ምን ይላል ማለት አሁንም ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ ስለዚህ ከመምጣትሽ በፊት ፀጉርሽን ተሠሪ።

ዐይንሽ መድከሙን ሰማሁ። ልጅቷ ደብቃልሽ ነበር፤ አስለፈለፍኳት። ባዶ እጄን አልመጣም ብለሻል አሉ። አንቺ የሰፋሽው በዚህ ቤት ሞልቷል፤ የጠፋችው ሰፊዋ ናት። አውቶቡሱ የሚያቆምበት ድረስ ወጥቼ እጠብቅሻለሁ። ከሩቅ ባትለይኝም አትጨነቂ፤ እኔ አይሻለሁ።

እንዲሁ ነይ። እምቢ ካልሽ ነገ እንደገና እጠይቅሻለሁ።

እህትሽ